ይሠራል ያልኩት ግራዋ

ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ፤ ላቦራቶሪ ስገባ ግን ድፍረት አያጥረኝም ነበር። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥኩት አባቴ መርሳ ባለው ቤታችን ጓሮ የተከሉትን ግራዋ ነው። ቅጠሉ ፌኖል የሚባሉ ውሁዶች አሉት። ጭማቂውን ስጨምርበት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መፈተሻ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ ኦክሲዴሽን የሚባለውን ጉዳት ይከላከላል ማለት ነው። ስታርችና ስኳር የሚሰባብሩት ኢንዛይሞችም ሥራቸውን አቀዘቀዙ፤ ስኳር ደም ውስጥ ቶሎ አይገባም ማለት ነው። አባቴ ስኳር አለባቸው፤ በደስታ ደወልኩላቸው።

«አባባ፣ ግራዋዎ ይሠራል» አልኳቸው። የሠራው በብልቃጥ ውስጥ ብቻ መሆኑን አላነሳሁም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በፍልሰታ፣ ስምንት ሰዓት ግድም መርሳ ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆመዋል። «አባትሽን ቅዳሴ ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ ሰው ደግፎ አመጣቸው» አሉኝ።

አልጋው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ሲያዩኝ ማን እንደሆንኩ አላወቁም።

«ጠዋት ምን ወሰዱ?» አልኳቸው እናቴን።

«የስኳር ኪኒናቸውንም ግራዋውንም። መድኃኒት ባዶ ሆድ፣ ሰው ሳያናግሩ ነው የሚጠጣ ብለው ለኔም አልነገሩኝ። ብርጭቆውን አይቼ ነው።»

የደማቸው ስኳር ወርዷል ብዬ ስኳር በጥብጬ አጠጣኋቸው። ላቡ አልቆመም። ደግሜ ልበጠብጥ ስል የገዛ ውጤቴ ትዝ አለኝ፤ የቤት ስኳር ሳይሰበር ደም ውስጥ አይገባም፣ የሚሰብረውን ደግሞ ግራዋው ይዞት ይሆናል። ሰው ሆድ ውስጥ እንዲህ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። እንደዚያ ቀን አለማወቅ አስፈርቶኝ አያውቅም፤ አባቴን የገደልኳቸው መሰለኝ።

«እማማ፣ ማር አለ?»

ማር ውስጥ መሰበር የማያስፈልገው ስኳር አለ። በጣቴ እየጠቀስኩ ጉንጫቸው ውስጥ ቀባሁ። ብዙ ቆይቶ ዓይናቸው ረጋ፤ በስሜ ጠሩኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ፣ ኮራ ብለው። «ልጄ መርምራ ይሠራል አለች ብዬ ለማኅበርተኞቼም ቀጥፌ ሰጥቻለሁ። ስኳር ያለባቸው ሦስት ናቸው።»

«እነሱም ኪኒን ይወስዳሉ?»

«ይወስዳሉ እንጂ።»

«ዛሬ ጾመዋል?»

«በፍልሰታ እንዴት አይጾሙ?»

እናቴ ጤና ጣቢያ እንዲያደርሷቸው ባጃጅ ጠርቼ፣ የተረፈውን ማር ይዤ ወጣሁ። ከሦስቱ የትኛውን ቤት እንደማስቀድም አላወቅኩም።