የሦስት ሴቶች የይለፍ ቃል

የእድራችን የብረት ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱን ዳኛው፣ አንዱን ጸሐፊው፣ አንዱን ደግሞ ከአባላት በዕጣ የወጣ ሰው ይይዘዋል። ሦስቱ አንድ ላይ ካልቆሙ ሣጥኑ አይከፈትም። እኔም ሁለት ጊዜ ዕጣው ደርሶኝ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ዞሬአለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ስለ ፍትሕ የማውቀውን ግን የተማርኩት ከዚያ ሣጥን ነው። ሦስት ቁልፍ የሚደረገው ሰው ሌባ ስለሆነ አይደለም። ደግ ሰውም ብቻውን መክፈት ከለመደ ሌላውን መጠየቅ ስለሚረሳ ነው።

ጎረቤቴን ከእድሩ የሰረዟት ባለፈው ክረምት ነው። ጎበሳ ከተማ ያለች እህቷ ታማባት ልታስታምም ሄዳ ሁለት ወር ቆየች። በዚያ መሀል ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ለቅሶ ሆነ፤ በሦስቱም ድንኳን ስም ሲጠራ አልነበረችም። ደንቡ ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል ይላል። እዚያው ሥር ደግሞ በሽተኛ ሲያስታምም የቀረ ሰው አይቆጠርበትም ይላል። ይህን ሁለተኛውን ግን ማንም አላነበበላትም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ የላትም፣ ልቧን ያማታል። አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሰች፣ "ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ማን ይሆን?" አለችኝ፣ እንደ ዋዛ። እንደ ዋዛ ማለቷ ነው ያንገበገበኝ።

እድሩ አሁን ማስታወቂያውን የሚነግረው በቴሌግራም ነው። እሷ እየነገረችኝ እኔ አቤቱታዋን ጻፍኩና ግሩፑ ላይ ላክሁት። ከሰዓት በኋላ ስመለከት የለም። ጸሐፊውን መንገድ ላይ ያዝኩት።

"አንተ፣ ያቺን ጽሑፍ የት አደረስካት?"

"እማማ፣ ግሩፑ የለቅሶ ማስታወቂያ ነው። ክርክር አይጻፍበትም።"

"እሷ ስትሞት ልታስታውቅላት ነው?"

"እርስዎ ደግሞ!" ብሎ ስቆ አለፈ።

ጠቅላላ ጉባኤው የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነበር። አቤቱታ የሚታየው በዓመት አንድ ቀን፣ በዚያ ዕለት ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ሰው እጅ ለማውጣት እንጂ ለመስማት አይመጣም፤ ጉዳዩን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ከጎኑ ያለውን አይቶ እጁን ያነሣል። አባላቱ እስከ እሑድ ድረስ እንዲያነቡት አንድ ማንም የማይሰርዝበት ቦታ መጻፍ ነበረበት።

ልጄ ጮሌ ከተማ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስልክ ላይ ስጮኽባት ሰምታ ቅዳሜ መጣች። ፎረም የሚባል ነገር አለ አለችኝ፦ አንዱ ሐሳቡን ይጽፋል፣ ሌላው በስሙ ከሥሩ ይመልሳል፣ የተጻፈው እዚያው ይቀመጣል። ቦታውን ተከራይታልኝ ነበር። ብዙ ተከራይ አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ እንደሚኖረው፣ የብዙ ሰው ገጽ አንድ ኮምፒውተር ላይ የሚኖርበት ርካሽ ዓይነት ኪራይ ነው። ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ጎተራ ዳታቤዝ ይሉታል።

"ይሄን ጎተራ የሚከፍተው ምንድን ነው?" አልኳት።

"ፓስወርድ ነው።"

"እሱን የሚይዘው ማን ነው?"

"አንቺ ነሽ እማዬ።"

"ብቻዬን? አይሆንም።"

ሥራውን የምንሠራው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ በምትጽፍ የድሮ ወዳጄ ሱቅ ነበር። የጽሕፈት መኪና ላይ ጀምራ ኮምፒውተር ላይ ያረጀች ታይፒስት ናት። እሷም የእድሩ አባል ናት፤ የእስላም የክርስቲያን ሳትል ለቅሶ አይቀርባትም። ጎረቤቴን አስጠራኋትና ሦስታችን ተቀመጥን። የይለፍ ቃሉን ለሦስት ከፈልነው። አንዷ የራሷን ቁራጭ ስትመታ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ልጄ እየሳቀች መዘገበችው። ኪራዩን የምታስተዳድርበትን ገጽ መግቢያ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ወረቀቱን ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት እንጂ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ፋይሎቹን ጭና ስትጨርስ የጮሌ መኪና ሊሄድ ሆነ። "የቀረው ገጹ ላይ ያሉትን አራት ባዶ ሣጥኖች መሙላት ነው፣ ሰኞ ትጨርሱታላችሁ" ብላ ሮጠች።

ሰኞ ሞላን። የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚው ስም፣ የይለፍ ቃሉ በየተራ ግድግዳ እያየን፣ ሰርቨር የሚሉት የዚያ ኮምፒውተር ስም። ታይፒስቷ ቁልፉን ተጫነች። ቀይ ጽሑፍ መጣ። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገችና "ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ነው የሚለው" አለች።

"ለምን?"

"ለምን አይልም።"

ወደ ጮሌ ደወልኩ። ልጄ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ በእረፍት ሰዓቷ መለሰች። በዚያ ግቢ የተከራዩ ስም ከእያንዳንዱ ስም ፊት ይለጠፋል፤ ለዳታቤዙም ለተጠቃሚውም እሱን አስቀድሙ አለች። አስቀደምን። ያው ቀይ ጽሑፍ። ማክሰኞ ስንደውል፣ ተጠቃሚውን ፈጥራ ወደ ዳታቤዙ የመግባት ፈቃድ ሳትሰጠው መሄዷ ትዝ አላት። ሰው ተመዘገበ ማለት ገባ ማለት አይደለም ለካ። ታይፒስቷ ከወረቀቴ ላይ እያየች ወደ አስተዳደሩ ገጽ ገባችና ፈቃዱን ሰጠችው። ያው ቀይ ጽሑፍ። አንዱን ስናስተካክል ሌላው፣ ሌላውን ስናስተካክል ያው። ጥፋትህ ይህ ነው የማይል ዳኛ ፊት እንደመቆም ነበር።

ረቡዕ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ። ሲያባራ እንደገና ሞከርን። ጎረቤቴ የራሷን መትታ ስትጨርስ ታይፒስቷ ወደ ግድግዳው እንደዞረች ተናገረች።

"እህቴ፣ ቅዳሜ ስድስት ጊዜ ነበር የመታሽው። ዛሬ አራት ነው።"

"አላይሽም ብለሽ ምለሽ ቆጠርሽ?"

"ጆሮዬ ነው የቆጠረው፣ ወላሂ። ዕድሜ ልኬን ከዚህ ድምፅ ጋር ኖሬ እንዴት ዝም ይበል?"

ጎረቤቴ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች።

"ፊደሉ የእኔ ፊደል አይደለም" አለች። "ቅዳሜ እጄ የሄደበትን ነካሁ። የት የት እንደነካሁ አላውቅም።"

"ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ከዚህም ታስወጡኛላችሁ ብዬ ነዋ።"

ፊታችንን እናዙር ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ባይሆን ታይፒስቷ እጇን ይዛ ታሳያት ነበር።

ለልጄ ነገርኳት። ሳቀች። "እማዬ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል? የሰጠሁሽ ወረቀት አለ አይደል? በእሱ ገብተሽ አዲስ ፓስወርድ ስጪው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።"

"ሁለቱን ሳልጠይቅ?"

"ማንንም ሳትጠይቂ።"

"ታዲያ ሦስታችንን ግድግዳ ያስፈጠጥሽን ለምንድን ነው?"

"አንቺ ነሻ ያልሽው! ደስ ይበልሽ ብዬ ነው እኔማ።"

ስልኩን ዘጋሁባት። ሦስት ቁልፍ ያደረግነው ክፍት በር ላይ ነበር። ዋናው መክፈቻ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእኔ ነጠላ ላይ ተቋጥሮ ነበር፤ ስፈልግ እቀይራለሁ፣ ስፈልግ እሰርዛለሁ። እኔና የእድሩ ጸሐፊ በምን ተለየን? አላደርገውም አልኩ። ሐሙስ ታይፒስቷ ለመነችኝ፣ እምቢ አልኩ። ዓርብ መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ እኔም ሰበብ አገኘሁ ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ሲመሽ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል መጣች።

"አንቺ ፍትሕ ፍትሕ ስትይ እሑድ ደረሰ" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀየርኩት። ታይፒስቷ የት እንደሚጫኑ አሳየችኝና፣ ሳልጠይቃት ተነሥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አራቱን ሣጥን ሞላን፤ ቀዩ ጽሑፍ አልመጣም። ገጹ ተከፈተ። አቤቱታውን እሷ መታችው፤ የደንቡን አንቀጽም ከአንድ ሽማግሌ አባል ከተዋስኩት ግልባጭ ላይ አያይዘን ጻፍነው። ጎረቤቴ ተጠርታ መጣች። "ይሄ እኔ ነኝ?" ብላ ስሟን በጣቷ ነካችው። አድራሻውን ለማውቃቸው አባላት በየስልካቸው ስንልክ ዋልን። ብዙዎቹ ነገ ጉባኤው ላይ እናየዋለን አሉ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ተራችን ሲደርስ ተነሥቼ፣ "ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ፤ አቤቱታውም ደንቡም እዚያ ላይ ነው" አልኩ። ሁሉም አንድ ላይ ከፈቱት። ከፊት ያለ አንድ ሰው "እህ፣ አገኘሁት" አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላገኘውም። ከኋላ አንዷ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ያን ጽሑፍ ከሩቅ ዐውቀዋለሁ፤ ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ልጄ በኋላ እንደነገረችኝ ርካሽ ኪራይ ያን ሁሉ ሰው በአንዴ አያስገባም። በአንድ ቆጣሪ ያሉ ሁሉ ምድጃቸውን አንድ ላይ ሲሰኩ መብራቱ እንደሚወድቀው ነው።

"እማማ፣ የእርስዎም ገጽ ሰረዘው እንዴ?" አለ ጸሐፊው። አዳራሹ ሳቀ።

"ደንቡ አስታማሚ አይቆጠርበትም ይላል!" ብዬ ጮኽኩ።

"የት ላይ ነው? እስቲ ያንብቡልን" አለ ዳኛው። በክፋት አልነበረም የጠየቀኝ።

ግልባጩ ታይፒስቷ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ገጹ አለ ብዬ ወረቀት አልያዝኩም። የእድሩ ዋና መዝገብስ? አልኩ። ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው ቁልፍ ያዥ ዛሬ ዴራ ሄዷል አሉኝ። እጅ ይውጣ ተባለ። ስረዛው እንዲጸና የወጣውን እጅ አልቆጠርኩም፤ ጎረቤቴም አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ሰኞ ገጹ እንደገና ሠራ። ዛሬም ይሠራል። ገበያ ስወርድ ታይፒስቷ ዘንድ ገብቼ እከፍተዋለሁ። አቤቱታው አለ፤ ማንም አልሰረዘውም፣ ከሥሩም ማንም አልመለሰም። ጎረቤቴ መጀመሪያ አካባቢ "አለ?" ትለኝ ነበር። አሁን አትጠይቅም።

ለቅሶ ግን አልቀረችም። ከድንኳኑ ውጭ፣ የጭላሎን ተራራ ወደሚያሳየው አጥር ተጠግታ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ስንቀብር እኔም ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ግቢ፣ ስም ሊጠራ ነው" ብላ በክርኗ ገፋችኝ። ከድንኳኑ ውስጥ ጸሐፊው ስሜን ጠራ። ደግሞ ጠራ። በሸራው ቀዳዳ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ።

"እማማ፣ ልጻፍብዎት?" አለ።

"ጻፍ" አልኩት።

አቀርቅሮ ጻፈ። ይህ አንድ ነው፤ ሁለት ይቀረኛል።