የካሴቱ ድምፅ የኔ ነው

በካሴቱ ላይ የሚሰማው ድምፅ የኔ ነው። የባትሪ ድንጋይ ደክሞ የቀጠነ የወንድ ድምፅ አይደለም፤ ድንጋዩ አዲስ ነበር፤ ከሱቃችን መደርደሪያ አውርጄ ቴፑ ውስጥ የከተትኩትም እኔው ነኝ። ይህን ከአርባ ዓመት በላይ ስናገር ኖሬ ሰሚ ስላጣሁ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል በተማርኳት ፊደል እነሆ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ያ ዘፈን ተከፈተ። መጀመሪያ ጊታሩ መጣ፣ ከዚያ ታደሰ እንደ ከበሮ የሚመታው ጣሳ፣ ከዚያ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው የራሴ የአሥራ ሰባት ዓመት ድምፅ። ዘንቢሌን አቀፍኩ። ሹፌሩ፣ የልጅ ልጄ እኩያ የሚሆን ልጅ፣ በመስታወቱ አየኝና "አዮ፣ እናቴ፣ ይሄ የድሮ የነገሌ ሮክ ነው፤ ከካሴት ወደ ስልክ ገልብጠውት ነው" አለኝ።

"ማነው የዘፈነው?"

"ሐሰን የሚባል ሰውዬ ነው አሉ። ድንጋዩ ደክሞ ነው እንጂ እንዲህ የሴት አይመስልም ነበር አሉ።"

"አዙረው" አልኩት።

"ወዴት?"

"ወደ ሐሰን ቤት።"

ሐሰን ወንድሜ ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ባጃጁ በኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ ሰውነቴ ዘንቢሉን ይዞ ቀረ እንጂ እኔስ በአባባ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ፤ ከሱቃችን ጀርባ ያለው፣ እስከ ጣሪያው በስኳር፣ በጨውና በበቆሎ ጆንያ የታጨቀው፣ ላምባና ጥሬ ቆዳ የሚሸተው፣ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የሚገባው ፀሐይ በአቧራው መሃል ቀጫጭን የብርሃን ዘንጎች የሚያቆምበት ያ ቤት። ጆንያ ድምፅ ይውጣል። ውስጥ እስክንፈነዳ ብንጮህ ውጭ የሚሰማው ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። ቀበሌው ዩኒፎርም የለበሰና የሚዘፍነው ተጽፎ የሚሰጠው የኪነት ቡድን ነበረው፤ እኛን አራታችንን ግን ያዘዘን ማንም አልነበረም። ጃርሶ ጋራዥ የሚሠራ ቀጭን ልጅ ነው፤ ሹፌሮች ከሞያሌ ያመጡለትን አሮጌ ጊታር ከተበላሸ ሬዲዮ ባወጣው ድምፅ ማጉያና ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዞ ያስጮኸዋል፤ ሮክ የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳለ የነገረንም እሱ ነው። ታደሰ ታይፒስት ስለነበር ጣቱ ፈጣን ነው፣ የወተት ዱቄት ጣሳዎችና አንድ በርሜል ተሰጡት። ሐሰን ደግሞ ጃርሶ ከሣንቃ የሠራለትን ባለ ሁለት ክር ቤዝ ጊታር ይይዛል፤ የሚያውቀው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው፣ ሦስቱን ግን እንደ ሀብታም ነው የሚያወጣቸው። እኔ ግጥም እሠራለሁ፣ እዘፍናለሁ። ከተማው "እነ ጩኸት" አለን፤ እኛም ሌላ ስም አልፈለግንም። አባባ ፍየል ሊገዛ ወደ ፊልቱ ሲሄድ እንሰበሰባለን፤ ሱቁን የምትጠብቀው እማዬ የማታምነው ሰው ሲመጣ ሚዛኑን ታንቋቋለች፣ እኛም ጆንያ የምንቆጥር እንመስላለን።

ያ ዘፈን ስለ አቧራ ነው። በኛ ቆላ መኪናው ሳይታይ አቧራው ይታያል፤ ሰው የምትጠብቅ ሴት አቧራውን አይታ ፊቷን ትታጠባለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ አቧራው ሲያርፍ ግን የመጣው የሌላ ሰው መኪና ይሆናል። "አቧራህ ቀድሞህ መጣ" ብዬ በአማርኛ እጀምርና መቀበያው ላይ በኦሮምኛ "ኮቱ፣ ኮቱ" እያልኩ ና እለዋለሁ። ማንን እንደምጠራ ግን አላውቅም ነበር። የምጠራው ሰው ሳይኖረኝ የጠራሁት ጥሪ ስለሆነ ይሆናል እንዲያ የጣፈጠው።

የቀዳነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ውሻውንም ነጋዴውንም ባስተኛበት ሰዓት ነው። ቴፑን መሃል የጨው ጆንያ ላይ አስቀመጥንና ተራራቅን፤ የታደሰ ምት ስለሚበረታ እሱ በሩ ጥግ፣ ጃርሶ ከበቆሎው ኋላ፣ ሐሰን ግድግዳውን ተደግፎ፣ እኔ ከቴፑ አንድ ክንድ ላይ። ጮክ የምልበት ስንኝ ሲደርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ ሲለሰልስ እመለሳለሁ፤ ዛሬ በማሽን የሚያደርጉትን ያን ጊዜ በእግሬ አደረግሁት። መጨረሻው ላይ የጎረቤት ፍየል ጮኸች፤ ሌላ ካሴት ስላልነበረን ተውናት።

ማባዛቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት ይደቀናሉ፣ አንዱ ሲዘፍን አንዱ ይሰማል፤ እኛ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጣለን። የታደሰ ሳል የገባበት ወደ ሻኪሶ ሄደ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን የመታበት ወደ ያቤሎ። ባዶ ካሴት ላመጣ ሹፌር ሁሉ እንቀዳለን። እኔ ከነገሌ ወጥቼ አላውቅም፤ ድምፄ ግን በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ አገር ለአገር ዞረ። ሱቁ ደጃፍ ቆሜ የሚርቀውን መኪና ሳይ አሁን ወንዙን ተሻገርኩ፣ አሁን ዳገቱ ላይ ነኝ እያልኩ በልቤ እከተለው ነበር።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ከያቤሎ የመጣ ሹፌር ሱቅ ገባ። እኔ ስኳር እመዝናለሁ፣ አባባ ወንበሩ ላይ የሙስባሃውን ዶቃ ይቆጥራል። ሹፌሩ "አካም፣ ነጋ?" ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ባንኮኒው አጠገብ የቆመውን የሐሰንን ትከሻ መታ።

"አንተ፣ ይሄ ድምፅ ካንተ ነው የወጣው? ያቤሎ ሻይ ቤቱ ሁሉ ሐሰን ሐሰን ነው የሚለው። እኔማ ሴት ናት ብዬ ተወራርጄ በግ ተበላሁ።"

ሐሰን ወደኔ ሳያይ "ድንጋዩ ደክሞ ነበር" አለ።

ሁሉም አመነው። ድንጋይ ጣሪያ ላይ እያሰጣን ደግመን በምንጠቀምበት አገር፣ በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ካሴት በአዲስ ድንጋይ ሲከፈት ሽማግሌውን ልጃገረድ እንደሚያደርገው የማያውቅ አልነበረም። ሹፌሩ ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። በወንድሜ የተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ "ዘፋኝ ሐሰን፣ ግጥም ሐሰን" ይላል። አባባ ቀና ብሎ "አንተ ነህ እንዲህ የምትጮኸው?" አለ፤ ሐሰንም "እኔ ነኝ" አለ። ቅጣቱ ሦስት ወር ቆዳ ጨው መቀባት ሆነ። እኔ አባባን እያየሁ ዝም አልኩ፤ የዝምታው ዕዳ የራሴ ነው፣ አልክድም።

መጋዘኑ ውስጥ ግን ያዝኩት። "ስሜን የት አደረስከው?"

"ቆይ፣ እነግርሻለሁ።"

በዒድ ጠየቅኩት። ራሴ የመረጥኩትን መምህር ሳገባ በሠርጌ ጠየቅኩት፤ አባባን ቀብረን ስንመለስም ጠየቅኩት። ወይ ይስቃል ወይ ሻይ ያዝዝልኛል። በዕድሜዬ ያን ያህል ሻይ የጋበዘኝ ሰው የለም።

ባጃጁ ደጁ ላይ ሲቆም ሐሰን ከዘራውን ይዞ ወጣ። ልጁን "እንደገና ክፈተው" አልኩት። ወንድሜ እጁን የባጃጁ ጣሪያ ላይ ጭኖ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ታደሰ ለውትድርና ተወስዶ አልተመለሰም። ጃርሶ ወርቅ ፍለጋ ሻኪሶ ሄዶ እዚያው አፈር በላው። መጋዘኑ ፈርሶ የስልክ መጠገኛ ሆኗል፤ የኔም ድምፅ ዛሬ ልጆች ስጣራ መሃል ላይ ይሰነጠቃል። ያ ከሰዓት በኋላ ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር የምናውቅ፣ በዓለም ላይ የቀረን ሁለት ሰዎች እዚያ ደጅ ቆመን ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ "ለአባባ ፍየል የሚሸጥለት የፊልቱ ሰውዬ ትዝ ይልሻል?" አለኝ።

"ሁለት ሚስት የነበሩት?"

"ሦስተኛዋ አንቺ ነበርሽ። አባባ እያመነታ ነበር። ስምሽ ሹፌር አፍ ቢገባ ማመንታቱን ትቶ ይድርሽ ነበር።"

ይህን አላውቅም ነበር።

"ግጥሙንስ ለምን ያንተ አደረግከው?" አልኩት።

"ግጥሙንማ ወድጄው ነው።"

ልጁ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። "ስሙ የኔ ነበር፣ መዘዙም የኔ ነበር" አልኩት። "ልትጠይቀኝ ይገባ ነበር። ብትጠይቀኝ ጻፈው እልህ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ሐሰን። "ለዚህ ነው ያልጠየቅሁሽ።"