ጉሬዛው የተቀመጠበት መስመር

ከሁለት ዓመት በፊት በከተማችን በአሰንዳቦ ከእኔ ያነሰ ድምፅ ያለው ልጅ አልነበረም። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ሙዚቃ ክበብ የገባሁትም ኪቦርድ ለመጫወት አፍ መክፈት ስለማያስፈልግ ነው። ለወላጆች በዓል ነጃት ዜማውን በቀኝ እጇ፣ እኔ ወፍራሙን ድምፅ በግራ እጄ እንድንጫወት ተመደብን። የዜማውን ኖታ ሁለታችንም ማንበብ እንችል ነበር። የእኔን ግን እንደዚያው ሳነበው ሁሉም ነገር ይበላሻል። ነጃት «ወላሂ፣ ግራ እጅሽ ከሌላ ዘፈን ነው የመጣው» ብላ ክበቡን አሳቀችብኝ። መምህራችንም እስከ ነገ ካላስተካከልኩ ነጃት ብቻዋን እንደምትጫወት ነገሩኝ።

ያን ምሽት ወረቀቴን ይዤ ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። በወጣትነታቸው በማርሽ ባንድ ውስጥ ትልቁን ጥሩንባ ይነፉ ነበር። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች የእሳቸውን ከሰል ከበን፣ በቆሎው ፍሙ ላይ እየተንጣጣ፣ የሻማው ጥላ ግድግዳው ላይ እየተወዛወዘ ተረት እንሰማ ነበር፤ ያን ምሽትም መብራት አልነበረም። ወረቀቱን ወደ ሻማው አስጠግተው አዩና ምንም ሳያስረዱኝ ተረት ጀመሩ።

ወፎች አምስት ቅርንጫፍ ባለው ዛፍ ላይ ይኖሩ ነበር፤ ለየቅርንጫፉም ስም አውጥተዋል። ጉሬዛ መጥቶ በወፍራም ድምፁ ሲያገሳ ጆሯችንን አደነቆርከው ብለው አባረሩት። እሱም ማዶ ሌላ ባለ አምስት ቅርንጫፍ ዛፍ አገኘ። ወጥቶ፣ ጅራቱን ቁልቁል ጠቅልሎ፣ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ተቀመጠና የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ «ፋ» አለው።

ጋሽ ቶሎሳ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ የጉሬዛው ዛፍ ላይ ወጥተሽ ቅርንጫፎቹን በወፎቹ ስም ትጠሪያለሽ» አሉኝ።

ወረቀቱን አየሁት፤ ኖታው የተጻፈባቸው አምስት መስመሮች አምስቱ ቅርንጫፎች ነበሩ። መምህራችን ባስ ክሌፍ የሚሉት ምልክት የተጠቀለለ ጅራት ነበር፤ አጠገቡ ያሉት ሁለት ነጥቦች እንደ ጉሬዛው ዓይን አንዱን መስመር ከላይና ከታች ይዘውታል። ከታች ጀምሬ መስመሮቹን እንደ ፊደል ቆጠርኩ፦ ፈ፣ ፉ፣ ፊ፣ ፋ። አራተኛው መስመር! እኔ ያንን መስመር እንደ ዜማው ኖታ «ሬ» እያልኩ ስጫወተው ከርሜያለሁ።

«ፋ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ ድምፄን እንዲህ ሰምተውት አያውቁም።

በማግስቱ ከፋ ተነስቼ ወደ ላይም ወደ ታችም እየቆጠርኩ ተጫወትኩ። ግራ እጄ ከዜማው ስር ገባ። ነጃት ጣቶቿን ሳታቆም ወደ እኔ ዘንበል ብላ «እስካሁን የት ነበርሽ?» አለችኝ።

ዛሬ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ አሁንም ብዙ አልናገርም። ባጃጅ ውስጥ ዘፈን ሲከፈት ሰው ዘፋኙን ሲከተል እኔ ከስር ያለውን እከተላለሁ። ያኔ በወላጆች በዓል ዕለት፣ መሃል ላይ ነጃት ዜማው ጠፍቶባት ነበር። እኔ ግን ሳላቋርጥ ቀጠልኩ፤ እሷም የእኔን ድምፅ ይዛ ተመለሰች። ሰው ያጨበጨበው ለዜማው ነው። ነጃት ግን ታውቃለች።