ጥቁር ለብሰው ጀሞ ላይ የተጫወቱት አራት ሙዚቀኞች

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት... ብሎካችን ሥር ባለው ኮሚናል ውስጥ የሆነውን እስካሁን ለራሴም በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም።

ኮሚናል የምንለው የኮንዶሚኒየሙን የጋራ ቤት ነው። ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ የዕድር ስብሰባውም እዚያው ነው።

ታናሽ እህቴ ሕሊና ቫዮሊን ትጫወታለች። ቻምበር የሚባለውን፣ ጥቂት ሰው ብቻ ተቀምጦ የሚጫወተውን ክላሲካል ሙዚቃ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ስታጠና ከርማለች። ኦስትሪያ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ድሮ መሳፍንት ይኖሩበት በነበረ ግንብ አዳራሽ፣ በየዓመቱ ፌስቲቫል አለ አሉ። እዚያ ለመጋበዝ ቪዲዮ መላክ አለባቸው። ቪዲዮው ላይ ደግሞ እውነተኛ ተመልካች ካልታየ አይቀበሉም። መላኪያው የሚዘጋው በማግስቱ እሑድ ነበር።

«ሰው መሰብሰቡ ያንተ ሥራ ነው» አለችኝ። «ግን ንገራቸው... ሙዚቃው አራት ክፍል አለው። አንዱ ሲያልቅ ዝም ይባላል። የሚጨበጨበው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። እነሱ አገር መሃል ላይ ማጨብጨብ ነውር ነው።»

«ጀሞ ላይ ዝም የሚል ሰው ከየት ላምጣልሽ?» አልኳት።

ብቻ የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጥሪውን ለጠፍኩ። ሁለት ሰው አውራ ጣት አደረገልኝ። አንዱ ደግሞ «ውሃ ዛሬ ይመጣል?» ብሎ ጻፈ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቀኑ ደርሶ ወንበር ደረደርኩ... ማንም የለም። ሕሊና በር ላይ ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች። ጓደኞቿ ታክሲው አስፋልቱ ላይ ስላወረዳቸው ሰፈሩን በእግር አቋርጠው መጡ። ለኮንሰርት የሚለበሰው ጥቁር ስለሆነ እንደ እሷ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ፊታቸው በፍርሃት ጭልም ብሏል። ሁለቱ አንድ ትልቅ ጥቁር ሳጥን ቀስ አድርገው ተሸክመዋል። ውስጡ ያለው ቼሎ ነው... ተቀምጠው ጉልበታቸው መሃል የሚይዙት ትልቁ ቫዮሊን በሉት።

እኔ ሳጥኑን አይቼ ምንም አላሰብኩም። ሰፈሩ ግን አስቧል።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች ተከተሉ። ባለሱቁ ከድር ሱቁን ዘግቶ መጣ። ወዲያው ወንበር አለቀና ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እኔ የነጠላው ነገር የት ታይቶኝ! ቴሌግራም ሠራ ብዬ ደረቴን ነፍቻለሁ።

መጨረሻ ላይ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ሙሉጌታ ገቡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እግዜር ያጽናችሁ ልጄ። ምነው ለዕድሩ እንኳ ሳትነግሩን?» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ እኛ እኮ...»

«ተው፣ ዝም በል። በኋላ ትነግረኛለህ። ሰው ተቀምጧል።»

ቪዲዮውን እንዲቀርጽ ፊት ለፊት ያቆምነው ስልክ መቅዳት ጀምሯል። እውነቱን ብናገር ቤቱ ባዶ ሊሆን ነው፤ የእህቴ ኦስትሪያም አብሮ ይሄዳል። ዝም ብል ደግሞ ከዚያ በኋላ እዚህ ሰፈር በየት በኩል ነው የምወጣና የምገባው?

ቼሎ የሚጫወተው ልጅ ሳጥኑን ሲከፍት ሴቶቹ በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ቼሎው ወጣ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አለቀልን አልኩ በልቤ። እማማ ዘነበች ግን ወደ አጠገባቸው ሴት ዘንበል ብለው ሹክ አሉ፦ «ሟቹ ሙዚቀኛ ነበራ... እነዚህ ጓደኞቹ ናቸው።»

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። ወሬው ወንበር ለወንበር ሄደና ቤቱ በሙሉ ከንፈር መጠጠ።

ተጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ... ጸጥ። ሁለተኛው አለቀ... ጸጥ። የአንድ ሰው ስልክ እንኳ አልጮኸም። ለቅሶ ላይ ማን ያጨበጭባል?

ሦስተኛው ክፍል ቀስ ያለ ነው። ቼሎው ብቻውን አንድ ነገር ይልና ሌሎቹ ይከተሉታል፤ አልቃሽ ስታወጣ ሰው እንደሚቀበላት። እዚህ ላይ ጋሽ ሙሉጌታ አለቀሱ። እኚህ ሰው የሰፈሩን ሐዘን ሁሉ የሚያስተናግዱ፣ ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ እንኳ ራሳቸው ቆመው ድንኳን ያስተከሉ ናቸው። ያን ጊዜ እንባቸውን ያየ የለም። አሁን ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የእኔም ሆድ ባባ... ማን እንደሞተብኝ ግን አላውቅም።

አራተኛው አለቀ። ማንም አላጨበጨበም። ሕሊና አልወደዱትም ብላ ፊቷ አመድ መሰለ።

ጋሽ ሙሉጌታ ዓይናቸውን ጠርገው ተነሡ። «ነፍስ ይማር ልጄ። ለመሆኑ ሟቹ ማነው?»

ሕሊና ግራ ገብቷት አየችኝ። «ማንም አልሞተም ጋሼ... ኮንሰርት ነው። ሙዚቃ ልናሰማችሁ ነው የጠራናችሁ።»

«ማንም?»

«ማንም።»

እኔ በሩን በዓይኔ እየለካሁ ነው። እማማ ዘነበች ቀስ ብለው ተነሡ፣ ነጠላቸውን ገልብጠው አስተካከሉና... እልልታቸውን አቀለጡት። ጭብጨባው ያኔ ወረደ። ሰው ይተቃቀፋል፣ ከድር ያፏጫል። ሰው ባለመሞቱ እንዲህ ሲጨበጨብ አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ሙሉጌታ «ታዲያ ምን አድርጌያችሁ ነው ያስለቀሳችሁኝ?» አሉ እየሳቁ። ከዚያ ወደ ሕሊና ጠጋ ብለው «ያቺን ቀስ ያለችዋን... ድገሙልኝ እስቲ» አሏት። ደገሙላቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሰሙ።

ትናንት ከኦስትሪያ መልስ መጣ። ተጋብዘዋል። እንዲህ የሚያዳምጥ ተመልካች ከየት አገኛችሁ ብለውም ጠይቀዋል። ሕሊና ምን ብላ እንደምትመልስ እያሰበች ነው።

ከመሄዳቸው በፊት ኮሚናል ውስጥ አንድ የመሰናበቻ ኮንሰርት ያሳያሉ። ጥሪውን ግን ቴሌግራም ላይ አልለጥፍም... የዕድሩን ጥሩንባ ነፊ አናግሬያለሁ።