የወንድሜ የበረራ መስመር

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። አዳማ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ “የሒሳብ ነገር ነው እማማ” ብዬ አልፋለሁ። እውነቱ ይህ ነው፦ ውጭ አገር ያለ ድርጅት የሠራው የጠፈር ጨዋታ አለ። ከየአገሩ ሰዎች በኢንተርኔት እየገቡ የየራሳቸውን መንኮራኩር ያበርራሉ፣ ማንም ያልደረሰበትን ኮከብ ይፈልጋሉ። እኔ ከቤቴ ሆኜ የጉዟቸውን መዝገብ እከታተላለሁ። በዚህ ሳምንት ወደየት አዘነበሉ፣ የቱን አካባቢ ተዉት፣ የት ብዙ ቆዩ። እያንዳንዱ ተጫዋች ለእኔ አንድ ቀጭን መስመር ነው። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

የአንዱን ቁጥር ባለቤት ግን አውቀው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ከጅቡቲ እየጫነ ሲመላለስ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከአዋሽ ወዲህ መኪናው ተገለበጠና አንድ እግሩ አልታጠፍ ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አርሲ ነገሌ ቤቱ ውስጥ ነው የሚውለው። ሚስቱ እህል ተራ ስለምትነግድ ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይተቻል፤ ይሄኛው ጭነት በዝቶበታል፣ ያኛው ማርሽ አያያዝ አያውቅም እያለ።

ባለፈው ዓመት ልጠይቀው ስሄድ አሮጌ ላፕቶፔን ሰጠሁት፤ ጨዋታውንም ጫንኩለት። የልጅ ነገር ነው ብሎ ሳቀብኝ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ደውሎ ሁለት ፀሐይ ያላት ፕላኔት ማግኘቱን ነገረኝ፤ እንደዚያ ደስ ብሎት ሲያወራ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

የእሱን መዝገብ ለይቼ ማየት አልነበረብኝም፤ አውቃለሁ። ግን አየው ነበር። እንደ ሹፌር ነበር የሚጓዘው። ሌሎቹ ይጣደፋሉ። እሱ ደረስ ብሎ ይቆማል፣ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ትንሽ ይሄድና ደግሞ ይቆማል፣ በመጨረሻም ወደ ተነሳበት ጣቢያ ይመለሳል። መስመሩ ጥምዝምዝ ያለ ነበር። ከሥራ በፊት እሱን ማየት ለምጄ ነበር፤ ደህና አደረ እንደማለት።

በኋላ አለቆቼ አዲስ ሥራ ሰጡኝ። ጨዋታውን ሊተው የተቃረበ ሰው ከመተዉ በፊት የሚያሳየውን ምልክት ፈልጊ አሉኝ። ሁለት ወር ለፋሁበት። ያገኘሁት ቀላል ነገር ነበር፦ ሊተው ያለ ሰው መቆም ይተዋል። ምንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ይበርራል፣ ወደ ጣቢያ አይመለስም፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላም አይገባም። ለሪፖርቱ ምሳሌ የሚሆን መስመር ስፈልግ ከሁሉ የጠራው የወንድሜ ሆኖ ተገኘ። ያ ጥምዝምዝ መስመር እየቀና እየቀና ሄዶ በመጨረሻ በማስመሪያ የተሰመረ መስሎ ነበር። ሰለቸው ማለት ነው ብዬ ቁጥሩን አጠፋሁና አስገባሁት። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ምሳሌውን አንስቶ አመሰገነኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ወንድሜ ግን አልተወም። ሌሎቹ ሲጠፉ እሱ በየጠዋቱ እየገባ ያንኑ ቀጥ ያለ መንገድ ይሄዳል። አንድ ቀን ስንደዋወል ምን አዲስ ነገር አገኘህ አልኩት። ዙሪያዋን በረዶ የለበሰች፣ አረንጓዴ ብርሃን ያላት ፕላኔት ማግኘቱን ነገረኝ፤ መልኳን ሁሉ ዘረዘረልኝ። ስልኩን ዘግቼ መዝገቡን ከፈትኩ። ለሰባት ሳምንት አንድም ቦታ አልቆመም።

ወንድሜ ዋሽቶኝ አያውቅም። ያን ቀን ሥራ አልያዝ አለኝ። እንደሱ ያለ ሰው፣ ከቤት የማይወጣ፣ ወደ ምንም በቀጥታ ሲበርር ምን ማለት ነው እያልኩ የማይታሰብ ነገር ሁሉ አሰብኩ። ቅዳሜ ሳልነግረው ተነሳሁ። ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ በመቂ፣ በባቱ አድርጌ አርሲ ነገሌ ስደርስ ረፋድ ሆኗል። የገበያ ቀን ስለሆነ ሚስቱ ቤት እንደማትኖር አውቄያለሁ።

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። እሱ በረንዳው ላይ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ቀይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እሱ ግን ጣቱን አንድ ቁልፍ ላይ እንደተጫነ ነው። የእግሬን ኮቴ ሰምቶ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

“ማነው?” አለ።

በመካከላችን አምስት እርምጃ አይሞላም።

“እኔ ነኝ ጋሼ።”

“አንቺ ነሽ እንዴ! ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው” አለኝ።

ሰማዩ ደመና ነበር።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የባጥ የቆጡን አወራ። እኔ ስክሪኑ ላይ ምን እንደተጻፈ እንዲያነብልኝ ስጠይቀው ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። ስኳር እንዳለበት ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ዓይኑን መያዙን ግን ደብቆናል። መጀመሪያ እንደ ጥቀርሻ ያለ ነገር ፊቱ ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ ኋላ ኮከቦቹ እየደበዘዙ ሄዱ፤ ሲቆይ ስክሪኑ ብርሃን ብቻ ሆነበት። ሚስቱ ሲደናቀፍ እያየች ስትጨነቅ ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል፤ ጠዋት ጠዋት ጨዋታውን የምትከፍትለትም እሷ ናት። መጀመሪያ እግሬ፣ አሁን ደግሞ ዓይኔ ብዬ ላስለቅሳችሁ ወይ አለኝ።

“ታዲያ ምን ብለህ ነው የምትጫወተው?”

“ሞተሩን እሰማለሁ” አለ። “መንገድ ላይ ያለሁ ይመስለኛል።”

አንድ ነገር ግን ከንክኖታል፤ ሳልነግረው ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። መዋሸት እችል ነበር። የጉዞ መስመሩን እንደማየው፣ እንዴት እንደነበረና እንዴት ቀጥ እንዳለ ነገርኩት። እንደምሳሌ መጠቀሜንም አልደበቅኩትም። ስለላ ነው ብሎ የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

“ቀጥ ማለቱን ካየሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?” አለኝ።

“መቅናት ሲጀምር ካየሁት ሦስት ወር።”

ላፕቶፑን በዳበሳ ዘጋው።

“ሦስት ወር ሙሉ ስታይኝ፣ ምን ሆነህ ነው አላልሽኝም።”

አንተስ ለምን ዋሸኸኝ ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ በሩ ላይ “አካም ጂርታ” ብላ በኦሮምኛ ሰላምታዋን በደስታ ጀመረች፤ ፊታችንን ስታይ ግን ዘንቢሏን እዚያው አስቀምጣ ማልቀስ ያዘች። መሐላው ከላይዋ የወረደላት ይመስል ነበር።

ሰኞ ለት ሻሸመኔ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የነገረችን። ግራው ዘግይቷል። ቀኙ ቶሎ ሕክምና ከጀመረ ያለውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለች፤ ማንንም ለመውቀስ አልነበረም። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

አዳማ እንደተመለስኩ ያንን ምሳሌ ከሪፖርቱ አውጡልኝ ብዬ ለአለቃዬ ጻፍኩ፤ ምክንያቱንም ገለጽኩ። አዝኖ መልስ ሰጠኝ፣ ምሳሌውንም አወጣው። ምልክቱ ግን ለብዙው ሰው ስለሚሠራ እንዳለ ይቀጥላል አለኝ። ልክ ነው፣ ይሠራል። እኔም እዚያው ሥራ ላይ ነኝ። አንዳንድ ቀን በሺህ ከሚቆጠሩት መስመሮች አንዱ ሲቀና አያለሁ፤ ከበስተጀርባው ያለውን ሰው የምጠይቅበት መንገድ የለኝም።

ወንድሜ ሕክምናውን እየተከታተለ ነው። በቀኝ ዓይኑ ሰው መሆኑን ይለያል፣ ማን መሆኑን ግን ሲናገሩ ነው የሚያውቀው። ጨዋታውን ድጋሚ አልከፈተውም። አሁን በየሁለት ቀኑ እደውልለታለሁ፤ ዓይኑን፣ ስኳሩን፣ እንቅልፉን እየዘረዘርኩ እጠይቀዋለሁ። ደህና ነኝ ይለኛል። አላምነውም፤ እንደማላምነውም ያውቃል። ስልኩን ለሚስቱ ይሰጣታል፣ እኔም ያንኑ ጥያቄ ለእሷ እደግማለሁ።