መጨረሻ የሚወርዱት ሰው

የባለቤቴን አባት ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው «አባ ቆይ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎቻቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንዙ ላይ ጀልባ ሲስቡ ኖረዋል። ጀልባዋ ሞተር የላትም። ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የብረት ገመድ አለ፤ እሳቸው ጫፉ የተቦረቦረ አጭር ዱላ ገመዱ ላይ አስነክሰው፣ ወደ ኋላ ዘንበል እያሉ ይጎትታሉ። ጀልባዋ ገና ዳር ሳትነካ ለመዝለል የሚቸኩል መቼም አይጠፋም። ለሱ ያላቸው ቃል አንድ ነበር፦ ቆይ።

ሰውን የሚያስቀምጡት በዓይናቸው መዝነው ነው። ከባዱን መሃል፣ ቀላሉን ጠርዝ ላይ። ስለዚህ «መሃል ተቀመጪ» የተባለች ሴት ሁሉ አኩርፋ ነበር የምትሻገረው። እኔ ልጃቸውን ለማግባት አስቤ መጀመሪያ የተሳፈርኩ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጠርዙን አሳዩኝ። በያጅ ነኝ፤ ብረት ስሸከም የምውል ሰው ነኝና ቅር አለኝ። ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ኋላ ድልድይ ተሠራና ጀልባዋ ሥራ ፈታች። ወንዙን ተከትሎ የሚጠማዘዘው መንገድም ለጎብኚ ተብሎ ተስተካከለ፤ በየመታጠፊያው አግዳሚ ወንበርና ታፔላ ተተከለ። መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ውሃው ዳር፣ የቅርስ ማዕከል ከፈቱና ጀልባዋን ጠጋግነው እዚያ አስገቧት። እሳቸው ግን ሄደው አላዩዋትም።

የባለቤቴ እናት ካረፉ ወዲህ በወንዙ ዳር ቤት የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ውሃው በሚወርደው ጭቃ ላይ አንሸራቷቸው ወደቁ፤ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ዝናብ ሲወርድባቸው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ እንቅልፍ አጣች። ስልካቸው ቶሎ ካልተነሳ እጇ ሥራ አይይዝም። ከወርክሾፔ ጎን ያለውን ክፍል አጸዳንላቸው። በሩን አሰፋሁት፤ መታጠቢያው አጠገብም መደገፊያ ብረት በየድኩላቸው። ኑ ሲባሉ እሺ ይላሉ። መኪና ይዘን ስንሄድ ግን አንድ ሰበብ ይወጣል፦ ቁልፉ ተበላሸ፣ ጎረቤት ታመመ፣ ወገቤን ያዘኝ። እሷም አልቅሳ ትመለሳለች።

የዚያን ቀን ያለ ምንም ሰበብ ወጡ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገዳችን ላይ ስለሆነ ጀልባዋን ልያት አሉ። ባለቤቴ ዘወር ብላ አየችኝ። የፈራችው ገብቶኛል። ማዕከሉ በር ላይ ወደሳቸው መንደር የሚመለስ ሚኒባስ ይቆማል።

ማዕከሉ ረዘም ያለ የድንጋይ ቤት ነው፤ በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። መረቡን፣ የዓሣ ወጥመዱን፣ የድሮውን ፎቶ ሁሉ ዞር ብለው ሳያዩ አልፈው ቀጥ ብለው ወደ ጀልባዋ ሄዱ። ጀልባዋ በብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ጎንበስ ብዬ ብየዳውን አየሁ፤ ንጹሕ ሥራ ነው። ገመዱንም ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረውላታል፤ ዱላውንም ወለሏ ላይ አኑረውታል። በአንድ በኩል ደረጃ አለ፤ ጎብኚ እንዲወጣ ተፈቅዷል። እሳቸው ጎኗን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «ቀብተዋታል» አሉ። ወቀሳ ይሁን ምስጋና አልለየሁም። ከዚያ ደረጃውን ወጡና ከፊት፣ የድሮ ቦታቸው ላይ ቆሙ።

ወዲያው አንድ ቤተሰብ መጣ። ሰውዬው ደልደል ያለ ነው፤ እግሩን ከማንሳቱ «ወንድሜ፣ አንተ መሃል» አሉት። እሱም ሳያስበው ሄዶ መሃል ተቀመጠ። ሚስቱ በሳቅ ሞተች፤ እኔ ቀንስ ስለው አይሰማኝም፣ እንዲህ በሰው ፊት የሚነግረው ሲገኝ ጥሩ ነው አለች። ልጆቹን ጠርዝ ላይ ደረደሯቸው። እነሱ ሳይወርዱ ተማሪዎች መጡ፤ ተማሪዎቹ ሳይወርዱ ሽማግሌ ባልና ሚስት መጡ። ሁሉንም እያዩ ቦታ ቦታ ያስይዛሉ። ለመዝለል የሞከረውን ተማሪ «ቆይ» ብለው በአንድ ቃል አስቀመጡት። አስጎብኚዋ ወጣት ሴት ናት። ልታስቆማቸው ነው ብዬ ስጠጋ፣ ተዋቸው፣ ዛሬ የኔን ሥራ እየሠሩልኝ ነው አለችኝ።

እኛ ቆመን ጠበቅን። ፀሐይዋ ከመስታወቱ ዝቅ እያለች ሄደች። ጠጋ ብዬ፣ አባባ መንገዱ ይርቃል፣ እንሂድ አልኳቸው።

«ሰው እያለ እንዴት አድርጌ ልውረድ?» አሉኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን እያዩኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ጀልበኛ የመጨረሻው ተሳፋሪ መሬት ሳይረግጥ አይወርድም። ግን አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ ማዕከል ነውና ሰው አያልቅም። እኔ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ግን ቀስ ብላ ወደ ውጭ ወጣች። ስከተላት መኪናው አጠገብ ቆማ ሚኒባሱን ታያለች። ሰበቡን አገኘ አለችኝ። እንደ ጆንያ ጎትቼ አልወስደውም፣ አባቴ ነው፤ ካልፈለገ መልሰን እናድርሰውና ይብቃ። እንዲህ ያለችው ሳታለቅስ ነው፤ ከዚያ በፊት ስታለቅስ ስለማውቃት ይሄኛው ባሰብኝ። እንደሱ ከሆነ እዚህ ቆመሽ አትወስኝ፣ ገብተሽ ጠይቂያቸው አልኳት።

ስንገባ አዳራሹ ባዶ ነበር። አስጎብኚዋ ቁልፍ ይዛ በሩ ጋ ቆማለች። እሳቸው ጀልባዋ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው፤ እጃቸው ገመዱ ላይ ነው። የሚጠብቁት ተሳፋሪ ስለሌለ ሊወርዱ ይችሉ ነበር፤ አልወረዱም። ባለቤቴ ደረጃውን ወጣችና ልጅ ሆና እንደለመደችው ጠርዙ ላይ ልትቀመጥ ስትል «መሃል» አሏት።

«እንደዚያ ከብጃለሁ?»

«አድገሻል።»

መሃል ሄዳ ተቀመጠች። እኔ ደረጃው ሥር ነኝ፤ ራቅ ልበል ብል እግሬ እንቢ አለኝ። በኋላ እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስታወቱ እንዳዞሩ መናገር ጀመሩ። ሰበብ ስደረድር የኖርኩት አንቺን ጠልቼ አይደለም አሉ። ክፍሉን እንዳዘጋጃችሁልኝ አውቃለሁ፤ ውሃውም ቢሆን ከእንግዲህ ለኔ ምንም አያደርግልኝም። ግን ሻንጣዬን ይዤ ከቤት ልወጣ ስል ሰው ጥዬ የምወርድ ይመስለኛል።

«እናትሽ እዚያ ናት» አሉ። «እሷን ትቼ እንዴት ቀድሜ ልውረድ?»

ባለቤቴ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ስትጠቀልል ቆየች።

«አባዬ» አለች፣ «እማዬ ከወረደች ቆየች። አንተው ነህ እጇን ይዘህ ያወረድካት። ጀልባው ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ዞር ብለው አዩዋት። መሃል ላይ ተቀምጣለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ዱላውን ከእግራቸው ሥር አነሱና ገመዱ ላይ አስነከሱ። ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ጎተቱ። ጀልባዋ በብረት የታሰረች ናት፤ ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ጎተቱ። አስጎብኚዋ ቁልፎቿን በመዳፏ ጨብጣ እንዳይንኳኩ ያዘቻቸው። ትከሻቸው ሲሠራ አየሁ፤ ሳይቸኩሉ፣ ትንፋሻቸውን እየለኩ፣ ወንዙን ሙሉ ተሻገሩ። ሲበቃቸው ዱላውን አስቀመጡ።

«ደረስን» አሉ። «ውረጂ፤ እግርሽን አይተሽ።»

ወረደች። እሳቸውም ተከትለዋት ወረዱ። አስጎብኚዋን አክብረው አመሰገኗት፤ ገመዱን በየጊዜው ዘይት ቀቡት፣ ይዝጋል አሏት። እሺ አባቴ አለች።

ውጭ ብርድ ነበር። ኮቴን ስጠኝ ሲሉኝ ከመኪናው ኋላ ሻንጣቸውን ከፈትኩ። ከኮቱ ሥር ያለው አንድ ሸሚዝ፣ ፎጣና ምላጭ ብቻ ነው። ለአንድ ሌሊት ነበር የመጡት። ቀና ስል እያዩኝ ነው። ባለቤቴም አይታለች።

«ዝጋው» አሉኝ። «ይሄ ለደርሶ መልስ ነበር። መኪናውን አዙርና ዋናውን ዕቃ እናምጣ። ዛሬ ካልሆነ ነገ ደግሞ ወገቤን ሊይዘኝ ይችላል።»

ባለቤቴ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና አፏን በነጠላዋ ያዘች። የኋላውን በር ከፍታ ከጎናቸው ገባች። ሚኒባሱ የመጨረሻዎቹን ሰዎች ጭኖ ሄደ፤ እኔም ከኋላው ተከትዬ ወደ መጣንበት አዞርኩ። ትንሽ እንደሄድን የእናትሽ የብረት ወንበር መኪናው ውስጥ ይገባ ይሆን ብለው ጠየቁ። ካልገባ እግሩን ቆርጬ ወስጄ እዚያ መልሼ እበይደዋለሁ፣ ለኔ ቀላል ነው አልኳቸው። ነገሩን አመዛዘኑት።

«አትቆርጠውም» አሉ። «ጣሪያው ላይ እኔ አስረዋለሁ።»