ሚስ ዶሪስ የቀየሩት ጥይት

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ፣ አትላንታ፣ ስኮትዴል አፓርትመንት ውስጥ ስንኖር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት አንድ ሰው በየድግሱ እያጣመመ ስለሚያወራው ነው። የባሌ እህት ናት፤ ስሟን አልጽፍም፣ ራሷን ታውቃለች። ሚስ ዶሪስ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ እኔ ልናገርላቸው።

ሚስ ዶሪስ ከአፓርትመንታችን ጀርባ ባለች ትንሽ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስድሳን ያለፉ ፈረንጅ ነበሩ። በየዓመቱ አጋዘን ያድናሉ። ባሌ አብሯቸው መሄድ ጀመረ። እሳቸው ይተኩሳሉ፣ እሱ ሮጦ «በስመ አብ» ብሎ ያርዳል፣ ሥጋውን ይካፈላሉ።

በዚያ ዓመት ልጄ ሰናይት የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። የባሌ እህት «ለማንም እንዳትናገሪ፤ የፈረንጅም ዓይን ዓይን ነው» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ስለዚህ ሚስ ዶሪስ በመጡ ቁጥር ሰናይት መኝታ ቤት ትገባለች።

አንድ ቅዳሜ የአደኑን ሥጋ ጠብሼ፣ የባሌም እህት ባለችበት ማዕድ ቀርበን ሳለ፣ ሚስ ዶሪስ ሥጋውን ያመጡበትን የበረዶ ሣጥን ሊወስዱ ብቅ አሉ። ሰናይት ለመደበቅ ጊዜ አላገኘችም። ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጠሽ አትቀበዪ ብዬ ያሳደግኳት ልጅ ናትና ብድግ አለች። ሆዷ ታየ።

«ቆዪ፣ የኔ ማር» አሉ ሚስ ዶሪስ። «ጎርሰሻል?»

«ገና ነኝ» አለች።

ትሪውን ከፊታችን አነሱት።

የባሌ እህት በአማርኛ «በጥቅምት አንድ አጥንት ብናገኝ እሱንም ሰሰቱብን» ብላ ሳቀች። እኔም ፊቴ ጋለ።

ሚስ ዶሪስ ሥጋውን መብራት ሥር አስቀምጠው በሹካ መፈተሽ ጀመሩ። ከአንዱ ቁራጭ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ግራጫ ነገር አውጥተው ነጭ ሳህን ላይ አደረጉት። ሰናይት እየተረጎመችልኝ አስረዱን። የሚተኩሱት ጥይት ውስጡ እርሳስ ነው፤ እንስሳውን ሲመታ ይበተናል። ቁስሉን ዙሪያውን ቆርጠው ቢጥሉም ሁሉም አይወጣም።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በልቼዋለሁ፣ አርጅቻለሁ። ለፅንስ ግን እርሳስ መርዝ ነው። ምነው ሳትነግሩኝ?»

የባሌ እህት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ፣ የማይበተን አዲስ ጥይት መውጣቱንም ነገሩን። ውድ ነው። እሳቸውን ያሳሰባቸው ግን ዋጋው አልነበረም። አሮጌው ጠመንጃቸው የለመደው እርሳስን ነው፤ በመዳብ ዒላማ ይስታል ብለው ይፈሩ ነበር። እንስሳ አቁስሎ መስደድ ለእሳቸው ኃጢአት ነው።

ቢሆንም ገዙት። በሳምንቱ ቀኑን ሙሉ የወረቀት ዒላማ ላይ ሲተኩሱ ዋሉ፤ ባሌ «ትከሻቸው በልዟል» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጫካ ገብተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አጋዘን ፊት ለፊታቸው ቆማ ሳለ፣ እርግጠኛ ስላልሆኑ አልተኮሱም። የባሌ እህት ይህን ስትሰማ «አላልኳችሁም? እርሳሱ ሥጋውን ለመንፈግ ሰበብ ነው» አለች።

ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ አጋዘን ይዘው መጡ። ባሌ ከቆዳው ሥር ያገኘውን ጥይት መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ጫፉ እንደ አበባ ተከፍቷል፤ የተቆረሰ ነገር ግን የለውም። «ይህ የሰናይት ነው» አሉ ሥጋውን እያሳዩኝ።

ጠበስኩት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሚስ ዶሪስ፣ ሁለተኛውን ለልጄ ሰጠሁ። ሰናይት አላምጣ እስክትውጥ ድረስ ዓይናቸውን ከእሷ አላነሱም። ያን ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ «ጥር ላይ ትወልዳለች» አልኳቸው። ወሩን ከቤታችን ውጭ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ሰናይት በሰላም ተገላገለች። የባሌ እህት እስከ ዛሬ «ወሩን ለባዕድ ነግረሽ እኔን ደበቅሽኝ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ።